ከቆጣሪው እስከ ጓሮው፦ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት የተዘጋጀ የውሃ ቁጠባ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ስለ ቁጠባ ምክር አያንሰውም። ጀሪካን ደርድሮ የሚተኛ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የቧንቧውን ፉጨት ሰምቶ የሚነሣ፣ በአንድ ጆግ ውሃ ፊቱንም እግሩንም የሚታጠብ ሰው አባካኝ አይባልም። ይሁን እንጂ የራሴን ጨምሮ እስካሁን ባየኋቸው ቤቶች አብዛኛው ውሃ የሚጠፋው በሰው እጅ አይደለም። የሚጠፋው ማንም በማያየው ቦታ ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው በተቀበረው መሥመር፣ በሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ፣ በሽንት ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ጥርስ ሲቦርሹ ቧንቧ ይዝጉ ከሚለው ምክር ሳይሆን ቆጣሪውን ከማንበብ ይጀምራል፤ ወደ ጓሮው የሚደርሰውም በቤቱ ውስጥ ያለው ፍሳሽ ከተደፈነ በኋላ ነው።

መመሪያው የታሰበው የራሱ ቆጣሪ፣ አንድ ሮቶ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ጥቂት ካሬ ሜትር ጓሮ ላለው ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር አንባቢ የዝናቡንና የጓሮውን ክፍል ሊያልፈው ይችላል፤ የቀረው ግን ለእርሱም ይሠራል። ከተማዋ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም በአቃቂ በኩል ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የምታገኘው ውሃ ከነዋሪዋ ብዛት ጋር እኩል ስላልሄደ ፈረቃው በቅርቡ ይቀራል ብሎ መጠበቅ የሚያዋጣ አይመስለኝም። የውሃ ክፍያውም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ ሳይታወቅ የፈሰሰው ውሃ የሚከፈለው በውዱ እርከን ሒሳብ ነው።

መጀመሪያ፦ ቆጣሪውን ማስመስከር

ሥራው የሚጀመረው ውሃ በመጣበት ቀን፣ ሮቶው ሞልቶ ካበቃ በኋላ ነው። ውሃው ከተመለሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት የቆጣሪውን ምስክርነት አይመኑ፤ ባዶ በነበረው መሥመር ውስጥ የታጨቀው አየር በውሃው እየተገፋ ሲያልፍ መዘውሩን ሊያሽከረክረው ስለሚችል፣ የሌለ ፍሳሽ ያለ መስሎ ይታያል።

በአብዛኞቹ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኩብን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን መጠን ያሳያሉ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 50 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። ከአሃዞቹ አጠገብ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የምትመስል ትንሽ መዘውር ትገኛለች። በቀላሉ የምትንቀሳቀሰው እርሷ ስለሆነች ዓይንዎን የሚተክሉት በእርሷ ላይ ነው። መስታወቱ በአቧራ ከተሸፈነ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ብዙ ሰው ቆጣሪዬ ቆሟል የሚለው መስታወቱን ስላልጠረገ ብቻ ነው።

በቤቱ ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ይዝጉ። ቀጥሎ ወደ ሮቶው በሚገባው መሥመር ላይ ያለውን ቫልቭ ይዝጉ። ቫልቭ ከሌለ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተው አንድ ያስገጥሙ፤ ለቧንቧ ሠራተኛ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም፣ ያለ እርሱ ግን ፍሳሹ ከሮቶው በፊት ይሁን በኋላ መለየት አይቻልም። አሁን መዘውሯን ሳያዩ አይሂዱ፤ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው ይመልከቷት። ዝም ካለች መሥመሩ ደህና ነው ማለት ይቻላል፤ ለማረጋገጥ አሃዞቹን ጽፈው ወይም በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመለሱ። ከተንቀሳቀሰች ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜም በመሬት ውስጥ፣ የተቀደደ ነገር አለ።

እንቅስቃሴዋ አዝጋሚ ቢሆንም አይናቁት። በስድስት ደቂቃ አንድ ሊትር የሚያሳልፍ ስንጥቅ ለዓይን ምንም አይመስልም፤ በሰዓት 10 ሊትር፣ በቀን 240 ሊትር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውሃ የሚያገኝ ቤት እንኳ በዚህ ስንጥቅ በሳምንት 480 ሊትር፣ ማለትም 24 ጀሪካን ያጣል። ይህንን የተሸከመ ሰው ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል።

የተቀበረውን ስንጥቅ ለማግኘት በጋውን ይጠቀሙበት። ጥርና የካቲት ላይ ግቢው ሁሉ ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሣሩ ለምልሞ ከታየ፣ ወይም ንጣፉ ላይ የማይደርቅ እርጥብ ምልክት ካለ፣ ከእርሱ ይጀምሩ። ምልክት ከሌለ ሌሊት ፀጥ ሲል ረጅም የብረት ካቻቪቴ ጫፉን ቧንቧው ከመሬት በሚወጣበት ቦታ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፤ የሚፈስ ውሃ ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ይህን ስንጥቅ መድፈን የውሃ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ፈረቃው ሲያልፍና መሥመሩ ባዶ ሲሆን ውሃ ይወጣበት የነበረው ቀዳዳ ከዙሪያው ያለውን እርጥበት፣ አጠገቡ የፍሳሽ መሥመር ካለም የእርሱን እድፍ፣ ወደ ውስጥ ይስባል፤ በማግሥቱም ያንኑ ወደ ሮቶዎ ያመጣዋል።

ሮቶው

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ጎረቤታችን የሆኑ እናት በማለዳ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ግቢያችሁ ወንዝ ሆኖ አደረ እኮ» አሉኝ። ወጥቼ ሳይ የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ክንዱ ላይ በተጋገረው ነጭ ዝቃጭ ተጣብቆ መውጣትም መውረድም ትቷል። ውሃው ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ መጥቶ፣ ሮቶው ሞልቶ፣ የተረፈው በትርፍ መውጫው በኩል እስከ ንጋት ወደ መንገዱ ሲወርድ አድሯል። የትርፍ መውጫው ቱቦ ከቤቱ ጀርባ ስለነበር ማንም አልሰማውም። ከዚያ ወዲህ ቱቦውን አዙሬ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር እንዲፈስ አድርጌዋለሁ፤ አንድ ጆግ እንኳ ቢፈስ እንቅልፍ አያስተኛም። ይህንን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ።

ተንሳፋፊው በየሦስት ወሩ መፈተሽ አለበት። ክዳኑን ከፍተው ኳሱን በእጅዎ ወደ ላይ ያንሡት፤ ውሃው ወዲያውኑ ቀጥ ማለት ይኖርበታል። እየቀነሰ ሄዶ የሚንጠባጠብ ከሆነ በውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ አልቃለች። ኳሱን ነቅለው ጆሮዎ አጠገብ ይወዝውዙት፤ ውስጡ ውሃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ኳሱ ተቀዷልና ይቀየር። በክንዱ ላይ የተጋገረውን ዝቃጭ ደግሞ ሆምጣጤ ወይም ሎሚ በነካ ጨርቅ ማሸት ይበቃል።

ከሮቶው በኋላ ያለውን መሥመር ለመፈተን ቆጣሪ አያስፈልግም፤ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። ማታ ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ የመግቢያውን ቫልቭ ዘግተው ንጹሑን እንጨት በክዳኑ በኩል እስከ ወለሉ ያስገቡና እርጥበቱ የደረሰበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና ይለኩ። ልዩነቱን ወደ ሊትር ለመቀየር የሮቶውን ዙሪያ በሜትር ለክተው ቁጥሩን በራሱ ያባዙት፣ በ12.57 ያካፍሉት፣ የተገኘውን በ10 ያባዙት፤ ውጤቱ እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ስንት ሊትር እንደምትይዝ ይነግርዎታል። ዙሪያው 3.45 ሜትር የሆነ ሮቶ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ 9.5 ሊትር ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ወርዶ ካደረ እርስዎ ተኝተው ሳለ አንድ ጀሪካን ያህል ውሃ ሄዷል፤ የሄደበትም ቦታ ከአሥሩ ዘጠኙ ጊዜ ሽንት ቤቱ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ሽንት ቤቱ

ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ያፈስ እንደሆነ ለማወቅ ቀይ ሥር ይቅቀሉ። ቀይ ሥሩን ለምሳ ይብሉት፤ የተቀቀለበትን ውሃ አቀዝቅዘው ወደ ማጠራቀሚያው ይጨምሩና ለግማሽ ሰዓት ማንም እንዳይጠቀምበት ያድርጉ። በመቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ በማጠራቀሚያው ሥር ያለው የመዝጊያ ጎማ በትክክል እየገጠመ አይደለም። ጎማውን አውጥተው ያጥቡት፤ ጠርዙ ከተጣመመ ወይም በጣት ሲነካ ጥቁር ቀለም ከለቀቀ አዲስ ይግዙ። ሲገዙ የድሮውን ይዘው ይሂዱ፤ ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ በቃል አስረድቶ ትክክለኛውን ማግኘት ከባድ ነው።

ማጠራቀሚያው የማያፈስ ሆኖ የሚያወርደው ውሃ ከበዛ ቀላል መፍትሔ አለ። የቆዩት ሽንት ቤቶች በአንድ ጊዜ 9 ሊትርና ከዚያም በላይ ያወርዳሉ። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ አሸዋና ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ከሚንቀሳቀሱት ክፍሎች ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። አምስት ሰው ባለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን አራት ጊዜ ቢጠቀም በቀን 30 ሊትር፣ በወር 900 ሊትር ይተርፋል። በሃይላንድ ፈንታ ጡብ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ጡቡ እየተፈረፈረ ጎማው ሥር ስለሚገባ እኔ አልመክረውም። ሃይላንዱ ከገባ በኋላ ሁለት ጊዜ ማውረድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ቁጠባው ወደ ኪሳራ ተለውጧልና አውጥተው በአነስተኛ ጠርሙስ ይሞክሩ።

ቧንቧ፣ ሻወርና እጥበት

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሥር ማታ አንድ ብርጭቆ ያስቀምጡ። ሩብ ሊትር የሚይዘው ብርጭቆ በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 6 ሊትር፣ በወር 180 ሊትር ነው። ጥገናው አንዲት ጎማ መቀየር ብቻ ሆኖ ሳለ ሰው ከመቀየር ይልቅ ቧንቧውን እያጠበቀ ይዘጋል፤ ይህም ጎማው የሚያርፍበትን የነሐስ ከንፈር ይቦረቡረውና መጨረሻው ሙሉውን ቧንቧ መቀየር ይሆናል።

የሻወርዎን ፍጥነት ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሥሩ አስቀምጠው ሰዓት ይያዙ። በሁለት ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ያወርዳል፤ ስምንት ደቂቃ የሚቆይ ሰው አራት ጀሪካን ተጠቅሟል። በባልዲና በጆግ የሚታጠብ ሰው በአንድ ባልዲ ይጨርሳል። ሙቅ ውሃ እስኪመጣ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ መያዝ ልማድ ቢሆን፣ ማሞቂያው ከሻወሩ በራቀበት ቤት በየቀኑ ጥቂት ሊትር ንጹሕ ውሃ ይተርፋል።

በልብስ አጠባ ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ሦስት ሳፋ ይደረደራል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሁለተኛው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው የመጨረሻ ማለቅለቂያ። ነጩ ልብስ ቀድሞ፣ ባለ ቀለሙ ቀጥሎ፣ የሥራ ልብስና ካልሲ በመጨረሻ ይታጠባሉ። የሳሙናው ውሃ ሲቆሽሽ ለወለል ወይም ለሽንት ቤት ይቀመጥና ሁለተኛው ሳፋ የሳሙናውን ቦታ ይይዛል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለተኛ ይሆናል፤ በየዙሩ የሚጨመረው ንጹሕ ውሃ አንድ ሳፋ ብቻ ነው። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉት የኖሩ ቢሆንም የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገባበት ቤት ረስቶታል። ማሽኑ የሚያስወጣውን የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ ቱቦውን ወደ ባልዲ አዙሮ መያዝ ይቻላል።

የትኛው የእጥበት ውሃ ለተክል እንደሚሆን መለየት ያስፈልጋል። ጎመን፣ ድንች፣ ምስርና ሩዝ የታጠበበት ውሃ በቀጥታ ወደ ጓሮ ይሂድ። ጨው የተጨመረበት የፓስታ ውሃ አይሂድ፤ ጨው በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ለዛፍና ለአበባ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ አፈሩ ላይ፣ ቦታ እየተቀያየረ ቢፈስ ችግር የለውም፤ ነገር ግን እንደ ሰላጣና ካሮት በጥሬው የሚበላ ነገር ላይ ፈጽሞ አይፈስም። በረኪና የነካው፣ የሕፃን የሽንት ጨርቅ የታጠበበትና የሥጋ ቅባት ያለበት ውሃ ወደ ፍሳሹ ይሂድ። የሚቀመጠውም ውሃ ከአንድ ቀን በላይ አይቀመጥ፤ በማግሥቱ መሽተት ይጀምራል።

ከጣሪያ የሚወርደው

ዝናብን በተመለከተ አንድ ስሌት መያዝ ያስፈልጋል፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። የጣሪያው ስፋት የሚለካው በቆርቆሮው ቁልቁለት ሳይሆን በሚሸፍነው መሬት ነው። ከዚያ ላይ የሚረጨውንና የሚተነውን አምስተኛ እጅ ያህል ይቀንሱ። 60 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለበት ከሰዓት በኋላ 720 ሊትር ይሰጣል። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚያገኙ፣ በእነዚህ ወራት ከዚሁ ጣሪያ በየወሩ ከ9,000 ሊትር በላይ ይወርዳል። አብዛኛው በአሸንዳው አልፎ ወደ መንገዱ ይሄዳል፤ በዚያው ሳምንት የቤቱ ሰው ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ሲወጣ ማየት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዝግጅቱ በግንቦት ያልቃል። ጣሪያው ይጠረጋል፣ በላዩ የተንዘረፈፈ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ አሸንዳው ከቅጠልና ከወፍ ጎጆ ይጸዳል። አሸንዳው ወደ መውረጃው በኩል በየሜትሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ ለማወቅ አንድ ጆግ ውሃ ከጫፉ አፍስሰው የት ላይ እንደሚቋጥር ይመልከቱ።

የመጀመሪያው ውሃ ወደ ሮቶ መግባት የለበትም። የወራት አቧራና የወፍ ኩስ የሚወርደው በእርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሊትር መጣል ይገባል፤ ለ60 ካሬ ሜትር 30 ሊትር ማለት ነው። ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ ከመውረጃው ላይ ወደ ታች የሚንጠለጠል፣ ጫፉ የተደፈነ የፒቪሲ ቱቦ ይሠራሉ፤ ቆሻሻው ውሃ ቱቦውን ሞልቶ ሲያበቃ ንጹሑ ወደ ሮቶው ያልፋል። 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በየሜትሩ 9 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ለ30 ሊትር ከሦስት ሜትር በላይ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ደግሞ ይህ ቁመት የለውም። እኔ የምጠቀመው ቀላሉን ነው፤ ከመውረጃው ጫፍ ላይ እንደልቡ የሚታጠፍ ሰፊ ጎማ አስሬ፣ ዝናቡ ሲጀምር ወደ ፍሳሹ አዞረዋለሁ፣ ከአሥር ደቂቃ ያህል በኋላ ወደ ሮቶው እመልሰዋለሁ። ጉድለቱ ሰው ቤት ከሌለ የማይሠራ መሆኑ ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ፈቃደኛ አይጠፋም።

ሮቶው የሚቀመጥበት መሬት ጉዳይ እንደ ቀላል አይታይ። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። በክረምት የራሰ አፈር ላይ የተቀመጠ ሮቶ በአንድ ጎኑ ይሰምጥና ይጋደማል፤ ስለዚህ የተስተካከለ የሲሚንቶ ወለል ይዘጋጅለት። የትርፍ መውጫው ቢያንስ ከመግቢያው እኩል ስፋት ይኑረው፣ ከቤቱ መሠረትም ርቆ ይፍሰስ። መግቢያውም መውጫውም በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈኑ፤ ይህ በአዲስ አበባ ለንጽሕና ሲሆን እንደ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉ የወባ ትንኝ በሚራባባቸው ከተሞች ግን ለሕይወት ነው። የዝናቡን ሮቶ ከቧንቧው ውሃ ሮቶ ጋር አያገናኙ፤ ሁለቱ ለየብቻቸው ይኑሩ።

የዝናብ ውሃ ለእጥበት፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤትና ለጓሮ ይዋል። ለመጠጥ ካስፈለገ በነጠላ ተጣርቶ ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነውና መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ያረጀ ቀለም ከተቀባ ወይም ከዛገ ጣሪያ የወረደውን ግን አፍልተውም አይጠጡት፤ ማፍላት ጀርምን እንጂ ብረትንና ቀለምን አያጠፋም።

የሮቶን መጠን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክረምቱን ለበጋ አስቀምጣለሁ በሚል ሐሳብ ነው። 20 ካሬ ሜትር ጓሮ በበጋ በካሬ ሜትር በቀን አራት ሊትር ያህል ቢጠጣ በቀን 80 ሊትር ይፈጃል፤ 1,000 ሊትሩ በ12 ቀን ያልቃል። ትልቁን ሮቶ ገዝቶ ከመስከረም እስከ ጥር ሞልቶ ማስቀመጥ ገንዘብ ማሰር ነው። አነስተኛ ሮቶ ክረምቱን ሙሉ ሃያ ጊዜ እየሞላ እየተጠቀሙበት የቧንቧውን ውሃ ቢተካ ይሻላል። ለበጋ የሚቀመጠው ውሃ የሚቀመጠው አፈር ውስጥ ነው።

ጓሮው

በአዲስ አበባ ብዙ ግቢ ያለው አፈር ጥቁሩ ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ የፈሰሰ ውሃ ሥሩን ሳይነካ በስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ዋናው ሥራ እንዲሰነጠቅ አለመፍቀድ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ላዩን በጥልቀት ሳይሆን ሦስት ጣት ያህል ይኮትኩቱና ወዲያው በጉዝጓዝ ይሸፍኑት። ለጉዝጓዝ ደረቅ ሣር፣ ገለባ፣ የተረገፈ ቅጠል ይሆናል። በበዓል ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘው ቄጤማ በማግሥቱ ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ ከሚሄድ ለአንድ መደብ ጎመን ይበቃል። ውፍረቱ አራት ጣት ይሁን፤ የተክሉን ግንድ ግን እንዳይነካ፣ እርጥበቱ ያበሰብሰዋልና።

ውሃ ማጠጣት ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ የላዩን አፈር አይመልከቱ፤ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገቡ። ቀዝቀዝ ካለና አፈሩ ጣትዎ ላይ ከተጣበቀ ለነገ ይተዉት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ክፉ ልማድ ነው። አንድ ቀን እንደ ልማድዎ አጠጥተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥግ ላይ በመኮትኮቻ አንድ ስንዝር ቆፍረው ይመልከቱ። ላዩ ጠቁሮ ረጥቦ፣ ከሁለት ጣት በታች ግን አፈሩ እንደ ዱቄት ደርቆ ያገኙታል። ሥሩም ውሃ ወደሚያገኝበት ወደ ላይ ይወጣና ፀሐይ በጠናች ቀን ይጠወልጋል። በየሦስት ቀኑ በዝግታ፣ አንድ ስንዝር እስኪርስ ማጠጣት ይበልጣል። ሰዓቱ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ማታ ማጠጣትም ትነቱን ይቀንሳል፣ ሆኖም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት እርጥብ ቅጠል ይዞ ማደር ለቲማቲምና ለድንች አይበጅም።

ከሁሉ የምወደው ዘዴ የሸክላ ገንቦ መቅበር ነው። ሸክላ ሰሪዎች ዘንድ ሄደው አምስት ሊትር ያህል የሚይዝ ገንቦ ሲገዙ ያልተሟሸ እንዲሆን አጥብቀው ይጠይቁ፤ ማሟሸት የሸክላውን ቀዳዳዎች ስለሚደፍን የተሟሸ ገንቦ ለዚህ ሥራ አይረባም። ቤት ወስደው ውሃ ሞልተው ደረቅ ወረቀት ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ከራሰና የገንቦው ሆድ ካላበው ይሠራል፤ ውሃው ከጎደለና ኩሬ ከሠራ ስንጥቅ አለበት። አንገቱ ብቻ ከመሬት በላይ እንዲቀር አድርገው ይቅበሩት፣ ዙሪያውን አፈር በደንብ ጠቅጥቀው ይሙሉት፣ አፉን በድንጋይ ወይም በሸክላ ክዳን ይክደኑት። ቃሪያ፣ ቆስጣ ወይም ቲማቲም በዙሪያው ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይተክላሉ። አፈሩ ሲደርቅ ከገንቦው ውሃ ይስባል፣ ሲርስ ይተወዋል፤ የሚተነው ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። በየሦስትና በየአራት ቀኑ መሙላት ይበቃል። ውሃው የተጣራ ይሁን፤ የሳሙና ውሃ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ በስቶ ደፍቶ መትከልም ይቻላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው በሳምንት ውስጥ በጭቃ ስለሚደፈን ለመንገድ ሲወጡ እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም።

ምን እንደሚተከልም የቁጠባው አንድ ክፍል ነው። ጤና አዳም፣ ጦስኝና ሮዝመሪ ከጸደቁ በኋላ ብዙ ውሃ አይፈልጉም። ሰርዶ በበጋ ቢደርቅም አልሞተም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ስለሚያቆጠቁጥ እርሱን ማጠጣት አያስፈልግም። በአንጻሩ ሰላጣና ቆስጣ ውሃ ጠጪዎች ስለሆኑ ከገንቦው አጠገብ ወይም ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ የጎመን ማጠቢያ ውሃ ለመድፋት በሚመች ቦታ ይተከሉ።

ዋልካ መሬት ላላቸው ደግሞ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሽንብራ። ሽንብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያድገው አፈሩ በያዘው ቀሪ እርጥበት ብቻ ነው። ጳጉሜን ወይም መስከረም መጀመሪያ ላይ ውሃው የሸሸለትን መደብ ኮትኩተው፣ ፍሬውን ሁለት ጣት ጥልቀት ላይ፣ በመካከሉ አንድ ጋት እየለቀቁ ይዝሩት። ውሃ አያጠጡት፤ የሚጠጣ ሽንብራ ቅጠል ያበዛል እንጂ ፍሬ አይይዝም። እሸቱ ከደረሰ በኋላ የቀረውን ሲያነሡ ግንዱን ከነሥሩ አይንቀሉት፤ ከመሬት እኩል ቆርጠው ሥሩን እዚያው ይተዉትና ገለባውን በቃሪያው መደብ ላይ፣ በገንቦው ዙሪያ ይጎዝጉዙት።